የሠርኬ ስቶቭ

ሠርኬ ጭድ ተራ ጀርባ ባለው ግቢያችን ውስጥ ከእኔ ቤት ቀጥሎ የምትኖር ሴት ናት። ግቢ ስል ሰፊ ነገር እንዳይመስላችሁ። እርስ በርስ የተደጋገፉ የቀበሌ ቤቶች፣ አንድ የጋራ ቧንቧ፣ አንድ የጋራ ሽንት ቤት፣ አንድ የጋራ ቆጣሪ ነው ያለን። በእሷና በእኔ ቤት መሀል ያለው የጭቃ ግድግዳ ቀጭን ስለሆነ ስታስል እሰማታለሁ፤ እኔም ሳቃስት ትሰማኛለች። እንዲህ ሆነን ብዙ ዓመት ኖረናል። ስለ እሷ የሚጻፍ ነገር አለ ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። ዘንድሮ ክረምት በስቶቭ ምክንያት የሆነውን ካየሁ በኋላ ግን ሳይረሳ ልጻፈው አልኩ።

የመጣችው ከጎጃም ነው። ባሏ እህል በረንዳ ኩንታል ተሸካሚ ነበር። አንድ ጊዜ ሁመራ ሰሊጥ አጨዳ ልሂድ ብሎ እንደወጣ ቀረ። ሞተ ያላትም፣ በሕይወት አለ ያላትም የለም። መጀመሪያ ላይ ከዚያ የመጣ ሰው ባገኘች ቁጥር ትጠይቅ ነበር፤ ኋላ መጠየቁንም ተወችው። የባሏ ጓደኞች የነበሩት ተሸካሚዎች ምሳ አብስዪልን አሏት፤ ሥራዋ በዚያው ተጀመረ። ሽሮና ምስር ትሠራለች፣ እንጀራውን ከሚጋግሩ ሴቶች ትወስዳለች፣ ድስቱን በጨርቅ ጠቅልላ እህል በረንዳ ጥግ ይዛ ትወርዳለች። ቅንድባቸው ሳይቀር ዱቄት የለበሰ ሰዎች ጆንያ ላይ ተቀምጠው ይበላሉ። ከእነሱ መሀል ጎበዜ የሚባል ያገሯ ሰው አለ፤ ሽሮው በቀጠነ ቁጥር «ሠርክዬ፣ ይሄ ሽሮ ዓባይን በዋና ነው እንዴ የተሻገረው?» ይላታል። እሷ ሳትስቅ ጭልፋውን ከሳህኑ ላይ መለስ ታደርጋለች። ጎበዜ እጁን ዘርግቶ ይለምናታል። ሁልጊዜ እንዲህ ናቸው።

ለብዙ ዓመት ያበሰለችው በከሰል ነበር። ቤቷ መስኮት የለውም። ዝናብ ሲዘንብ ከሰሉን ውጭ ማንደድ ስለማይቻል በሩን ገርበብ አድርጋ ውስጥ ታነድ ነበር። ቀስ በቀስ ደረቷ ታፈነ። ጤና ጣቢያ ሄዳ አስም ነው አሏት፤ የሚነፋ መድኃኒት ሰጧትና ከጭስ ራቂ ብለው መለሷት። ከጭስ ከራቀች ምን እንደምትበላ የነገራት ግን አልነበረም። ሌሊት ስትተነፍስ ድምፁ በግድግዳው አልፎ እኔ ጋ ይደርስ ነበር፤ የሚፏጭ ሰው ያለ ነው የሚመስለው። ከዚያ አንድ ቀን ከምናለሽ ተራ አሮጌ ስቶቭ ይዛ መጣች። ከሰሉን ተወች። ፉጨቱ ወዲያው ባይጠፋም እየቀነሰ ሄደ። ከአንድ ዓመት በኋላ ድስት ይዛ ዳገቷን ሳትቆም ስትወጣ አየኋት። ስለዚህ ስቶቩ ለእሷ የማብሰያ ዕቃ ብቻ አልነበረም፤ ሳንባዋ ነው ብል አላጋነንኩም።

ስቶቭ ያው ታውቁታላችሁ። የቆርቆሮ አካል አለው፣ በላዩ ቦይ የተቆፈረበት ነጭ የሸክላ ሳህን፣ ቦዩ ውስጥ እንደ ከርዳዳ ፀጉር የተጠቀለለ ሽቦ። ሽሮ ሲፈላ ይገነፍላል፣ የገነፈለው ሽቦው ላይ ይፈሳል፣ ሽቦው አንድ ቀን ይበጠሳል። የሠርኬ መጀመሪያ የተበጠሰ ጊዜ ሠሪ ጋ ወሰደችው። ሰውየው ነገ ነገ እያለ ሲያመላልሳት እሷ የጎረቤት ስቶቭ እየለመነች ስታበስል ሰነበተች። በመጨረሻ ቆማ እያየችው ሠራላት። የሚሠራውን ካየች በኋላ ሁለተኛ ወደ እሱ አልሄደችም።

አሠራሯን ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። መጀመሪያ ሶኬቱን ከግድግዳ ትነቅላለች። ነቅላም አታምንም፤ ሳያያት የሚሰካባት ሰው እንዳይኖር ገመዱን ጎትታ ሶኬቱን ጭኗ ላይ ታስቀምጠዋለች። ሸክላው እስኪቀዘቅዝ ሽንኩርት ትልጣለች። ከዚያ ሽቦውን በቢላ ጫፍ ከቦዩ እያነሳች የተበጠሰበትን ትፈልጋለች። የተበጠሰው ጫፍ ጠቁሮ፣ ሲነኩት የሚፈረፈር ሆኖ ነው የሚገኘው፤ እሱን ቢጠመዝዙት አይይዝም። ስለዚህ ደህናው ክፍል እስኪመጣ ድረስ በፒንሳ ትቆርጠዋለች። የቀረውን ሳብ ሳብ አድርጋ እንዲደርስ ታደርገዋለች፣ ሁለቱን ጫፍ አጥብቃ ትጠመዝዛቸዋለች፣ መልሳ ቦዩ ውስጥ ታስተኛዋለች። ቦዩ ውስጥ የቀረውን የሽሮ አመድ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ትጠርገዋለች። እጇን በቀሚሷ ጠርጋ፣ በስመ አብ ብላ ትሰካዋለች። ሽቦው ከጫፍ እስከ ጫፍ ሲቀላ ስታይ ድስቷን ትጥዳለች።

ደግሞ የሚገርመው፣ ከጠገነችው በኋላ ስቶቩ ከበፊቱ ይበልጥ ይፈጥን ነበር። በተበጠሰ ቁጥር ትጠግነዋለች፣ በጠገነችው ቁጥር ይፈጥናል። ረፋዱን ሙሉ ይፈጅ የነበረ ምስር ሰው ሳያስበው ይደርስ ጀመር። ይህን ያዩ የግቢው ሴቶች የእነሱን ይዘው መጡ። የእኔን ሠራችልኝ። የሎዛን ሠራችላት፤ ሎዛ ከግቢው በር አጠገብ ያለችው አዲስ ሙሽራ ናት፣ ምግብ እስኪበስል መቆም የማትወድ። ቆጣሪው በሟች ባለቤታቸው ስም የሆነው እትዬ እስከዳር እንኳን የእሳቸውን ላኩላት። ሠርኬ ለማንም እምቢ አላለችም፣ ከማንም ምንም አልተቀበለችም። «የሠርኬ እጅ በረከት አለው» ይባል ነበር። ሁላችንም ያልነው ነው፤ ስቶቭ የተሠራው እንዲሞቅ ነው፣ ከሞቀ ሌላ ምን እንጠይቃለን።

ክረምት ገባ፤ ቆጣሪው ይጥል ጀመር። ግቢያችን ውስጥ መብራት ሲጠፋ ሁሉም በሩ ላይ ይወጣና መጀመሪያ የሚያየው የጎረቤት ግቢ አምፖል ነው። እነሱም ጋ ከጠፋ «የሁሉም ነው» ተብሎ ይገባል። እነሱ ጋ ከበራ ግን ነገሩ የእኛው ነው፤ አንድ ሰው በመጥረጊያ እንጨት ብሬከሩን ወደ ላይ ገፍቶ ይመልሰዋል። ድሮ ይህ አልፎ አልፎ ነበር። ዘንድሮ ጠዋት ጠዋት፣ ሁሉም ቁርስና ምሳ በሚጥድበት ሰዓት፣ መመለስ ነው መውደቅ ነው። መጥረጊያው ቆጣሪው ሥር ቀረ፤ ግቢውን የሚጠርግበት ያጣ ሰው እዚያ ሄዶ ነው የሚያመጣው።

ከሁሉም ይበልጥ የከፋው ሁዛይፋ ላይ ነው። ሁዛይፋ በሞተር የሚሠራ የስፌት መኪና ያለው ልብስ ሰፊ ነው፤ ከባለቤቱ ከሪሐና ጋር ከሠርኬ ቤት ፊት ለፊት ይኖራል። ክረምት ለእሱ የተማሪ ዩኒፎርም ወቅት ነው። መብራቱ በጠፋ ቁጥር መርፌው ጨርቁ ላይ ተሰክቶ ይቆማል፣ እሱ ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ይወጣል። መጀመሪያ ላይ ይቀልድ ነበር። «እትዬ ሠርኬ ሽሮው ፈላላቸው፣ እኛ በረድን» ይላል። ሠርኬ ከቤቷ ሆና፣ ካውያህን ንቀል መጀመሪያ ትለዋለች። ዝናቡ እየበረታ፣ ትምህርት ቤት የሚከፈትበት እየቀረበ ሲሄድ ቀልዱ ቀረ። አንድ ጠዋት ደግሞ ከቆጣሪው አካባቢ የተቃጠለ ላስቲክ ሸተተን። ሄደን ስናይ ወደ ቤቶቹ የሚገባው ገመድ ልባሱ ቀልጧል።

መርካቶ ውስጥ እሳት የሚባለው ነገር ከአፍ አይወጣም፤ ሰው የሚያስበው ግን እሱኑ ነው። ቤቶቻችን እንጨትና ጭቃ ናቸው፤ ጠባቧ መግቢያችን ሁለት ሰው አታሳልፍም። እትዬ እስከዳር በዚያው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን እንደተመለሱ ነጠላቸውን ሳያወልቁ ሁላችንን ሰበሰቡን። ሰው የየራሱን ጥርጣሬ አወጣ። አንዱ የሁዛይፋ ካውያ ነው አለ፣ አንዱ ዝናቡ ገመዱ ውስጥ ገብቶ ነው አለ። በመጨረሻ ግን ወሬው ሁሉ ወደ ሠርኬ ዞረ፤ ከሁላችን ስቶቭ ረጅም ሰዓት የሚበራው የእሷ ነው። ሁዛይፋ ሳይጮህ፣ ሰው ለሥራ ብሎ ግቢ ሊያቃጥል አይገባም አለ። ሌላውም ተስማማ። እትዬ እስከዳር እስከሚቀጥለው እሑድ ድረስ ነገሩ ካልተስተካከለ ስቶቩ ይውጣ፣ እሷም እንደ ድሮዋ በከሰል ትሥራ ብለው ወሰኑ።

ሠርኬ ያን ሁሉ ሲወራ አንድ ነገር ብቻ ነው የተናገረችው።

«ከሰል አልችልም፤ ታውቃላችሁ።»

ሁሉም ያውቃል። አውቆም የሚያደርገው ነገር ስለሌለው ወደየቤቱ ገባ። እኔም ገባሁ።

ሠኞ ዕለት ተሸካሚዎቿን ካበላች በኋላ ሶማሌ ተራ አብረሽኝ ሂጂ አለችኝ። ሽቦው ስላረጀ ነው ብላ ደምድማለች፤ አዲስ ልትቀይር ነው። ልኩን ለማሳየት አሮጌውን ከስቶቩ አውጥታ በፌስታል ይዛዋለች። የኤሌክትሪክ ዕቃ የሚሸጥ ወጣት ነጋዴ ጋ ገባን። አዲሱን ሽቦ ከሳጥን አውጥቶ ባንኮኒው ላይ ዘረጋው፤ አጠገቡ የእሷን ዘረጋው። አዲሱ ባንኮኒውን ሞልቶ ተረፈ። የእሷ ግማሽ መንገድ ላይ ቀረ፤ እሱም በየቦታው ቋጠሮ ያለበት፣ እዚህ ጋ የተሰበሰበ፣ እዚያ ጋ የሳሳ።

ነጋዴው ፌስታሉን ገልብጦ አራገፈው።

«እናቴ፣ ቀሪውስ?»

«ይኸው ነው ያለው።»

«በዚህ ነው የሚያበስሉት? ይሄማ ስቶቭ አይደለም፣ ብየዳ ነው።»

በሱቁ የነበሩ ሳቁ። ሠርኬ አልሳቀችም። ሁለቱን ሽቦ እያፈራረቀች ታያለች። ሲያጥር ነው እንዴ የሚበረታው ብላ ጠየቀችው። ነጋዴው ሌላ ገዢ እያስተናገደ፣ ሲያጥር ብዙ ይስባል፣ እንደዚህ ያለ ሁለት ከተሰካ የሰፈር ቆጣሪ አይችለውም አላት። አዲሱን ጠቀለለላትና ወደ ሌላው ሰው ዞረ።

ስንመለስ ዝናብ ስለጀመረ ከአንድ ሱቅ ታዛ ሥር ቆምን። ሠርኬ ፌስታሉን ደረቷ ላይ ይዛ ጎርፉን ታያለች። እኔ ነገሩ ያለቀ መስሎኝ ነበር፤ አዲሱን ትገጥማለች፣ ትድናለች። እሷ ግን እየቆጠረች ነበር። በየጊዜው የቆረጠቻቸውን ጫፎች፣ የማን ስቶቭ ስንቴ እንደመጣላት፣ መብራቱ የሚጠፋው ሁሉም በሚጥድበት ሰዓት መሆኑን አንድ በአንድ አነሳችልኝ።

«የሁላችሁንም ያሳጠርኩት እኔ ነኝ» አለች።

ዝም በይ አልኳት። የራስሽን ቀይሪ፣ የሌላው የሌላው ነው፤ ብትናገሪ ግን ግቢውን ልታቃጥል ነበር ይሉሻል፣ ስቶቭ ቀርቶ ቤቱንም ያሳጡሻል አልኳት። የመሰለኝን ነው የነገርኳት። እሷ ግን፣ ዝም ካልኩ የእናንተ ሽቦ ባለበት ነው፣ መብራቱ መጥፋቱን አይተውም፣ እሑድ ሲመጣ የሚያስወጡት የእኔን ነው አለችኝ። ቀጥላም፣ ከዚያ በኋላም ቢሆን ግቢው መቃጠሉ አይቀርም አለች። ይህን ያለችው እንደ ጀግና አይደለም። ሁለት መጥፎ ነገር ቀርቦላት ቀለል የሚለውን እንደሚመርጥ ሰው፣ በደከመ ድምፅ ነው።

እሑድን አልጠበቀችም። በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ሲያባራ እትዬ እስከዳር ጋ ሄዳ ሰው እንዲሰበስቡላት ጠየቀቻቸው። ሁላችንም ቧንቧው አጠገብ ቆምን። ሠርኬ አዲሱን ሽቦ በአንድ እጇ፣ አሮጌውን በሌላ እጇ አንጠልጥላ አሳየች። ሁለቱም ከአንድ ከፍታ ስለተንጠለጠሉ ማንም ልዩነቱን ሊያየው ይችላል።

«ይሄ መሆን የነበረበት ነው። ይሄኛው እኔ በመጠገን ያደረስኩት ነው» አለች። «የተቃጠለውን እየቆረጥኩ፣ የቀረውን እየሳብኩ። ሲያጥር ይበረታል፣ ሲበረታ ቆጣሪውን ይጥላል። አላወቅኩም። ያበላሸሁት የእኔን ብቻ አይደለም፣ ያመጣችሁልኝን ሁሉ ነው።»

እትዬ እስከዳር ነጠላቸውን አስተካከሉ። «የእኔንም?»

«የእርስዎንም፣ እትዬ።»

ሁዛይፋ ሜትሩን ከአንገቱ አውርዶ እየጠቀለለ፣ እንግዲህ ጥፋተኛው ታወቀ፣ ስቶቯ ይውጣና እንረፍ አለ። እኛ ቤት ማንም አልነካብንም፣ የእኛ ደህና ነው ብሎም ጨመረ። ሠርኬ ልትመልስለት አፏን ከፈተችና ዘጋችው። ከኋላው ሪሐና ናት የተናገረችው።

«የእኛን ሁለቴ ሠርታልኛለች።»

ዞሮ አያት። «መቼ?»

«አንተ ጨርቅ ልታመጣ በሄድክ ጊዜ። ሾርባው ቶሎ ደረሰ ብለህ ያመሰገንከኝ በእሱ ነው።»

መጀመሪያ የሳቀችው ሎዛ ነች። ከዚያ እኔ። ከዚያ እትዬ እስከዳር አፋቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። ሁዛይፋ ብቻ ቆይቶ፣ ሜትሩን መልሶ አንገቱ ላይ ጣል አድርጎ «ረመዳንን ሙሉ ብየዳ ነው እንዴ ያበላሽኝ» ሲል እሱም ሳቀ። የነጋዴውን ቀልድ እኔ ነበርኩ ለሪሐና የነገርኳት፤ ግቢያችን ውስጥ ወሬ ከሽቦ ይፈጥናል።

ሳቁ ሲበርድ ግን ሁላችንም የተረዳነው አንድ ነገር ነበር። ስቶቩ ሲፈጥንልን ለምን ፈጠነ ያለ ሰው ከመሀላችን የለም። ደስ ብሎን ነው የተቀበልነው። የሠርኬን አስወጥተን የየራሳችንን ልናስቀር አንችልም፤ ከወጣ ሁሉም ይወጣል። እትዬ እስከዳር ይህን አይተው ነው መሰለኝ ሌላ ፍርድ ሰጡ። ሁሉም ሰው አዲስ ሽቦ ይግዛ፣ የቀለጠው ገመድ ይቀየር፣ ከእንግዲህ የተበጠሰ ሽቦ ማንም እንዳይቀጥል። ሠርኬ ከሰል ትሥራ የሚለውን ቃል ደግመው አላነሱትም።

ገመዱን የቀየረው ከውጭ የመጣ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው። ሽቦዎቹን የገጠመችው ግን እሷው ናት። በየቤቱ እየዞረች አሮጌውን ታወጣለች፣ አዲሱን ከቦዩ ጋር እየለካች እኩል እኩል ትስበዋለች፣ ታስተኛዋለች። ሁዛይፋ ቤት ስትገባ ወንበር አቀረበላት፤ እሷ መሬት ተቀመጠች፤ እሱም ጨርቁን ትቶ ቢላውን እያቀበላት ሲያይ ቆየ። በመጨረሻ ሁላችንም ስቶቮቻችንን ሰካን፣ ሁዛይፋም የስፌት መኪናውን አስነሳ። ሠርኬ ቆጣሪው ሥር ቆማ ብሬከሩን ሽቅብ ታየዋለች፣ እኔ እሷን አያታለሁ። ትንፋሿን ይዛ ነበር። አልወደቀም። የሁዛይፋ መኪና ድምፅ ሳይቋረጥ ሲሄድ ቆየ፤ እሷም ወደ ቤቷ ገባች።

ከዚያ ወዲህ ምግብ በዝግታ ነው የሚበስለው፤ ድሮ፣ ሽቦው ሳያጥር በፊት እንደነበረው። ግን ማንም ድሮ እንዲህ እንደነበረ አያስታውስም። ሰው ፈጣኑን ከለመደ በኋላ የነበረው ነገር ብልሽት ይመስለዋል። ሎዛ ስቶቬ ሰነፈ እያለች ታማርራለች። የሠርኬ ምሳም እህል በረንዳ የሚደርሰው ዘግይቶ ነው። አንዳንድ ተሸካሚዎች ቀድማ ወደምትመጣ ሌላ ሴት ሄደዋል። ጎበዜና ጥቂት ያገሯ ሰዎች ቀርተዋል፤ እነሱም ባዶ ጆንያ ላይ ተጋድመው እየጠበቁ፣ ሽሮው ዘንድሮ ከጎጃም በእግሩ ነው የሚመጣው ይላሉ። የጎደለውን ገበያ እንዴት እንደምትሞላው አላውቅም። እሷም የምታውቅ አይመስለኝም።

ባለፈው ሳምንት ሎዛ ፒንሳ ይዛ ሠርኬ ቤት ገባች። እኔ እዚያው ተቀምጬ ምስር እለቅም ነበር። ባሏ ለምሳ መጥቶ ሁለት ጊዜ ሳይበላ ተመልሷል፤ ትንሽ ብቻ፣ የጣት ያህል ብቻ ብትቆርጭልኝ ማንም አያውቅም አለቻት። ሠርኬ ቀና ብላ አላየቻትም።

«ቁረጪው ራስሽ፤ ትችያለሽ፣ ሳደርግ አይተሻል» አለቻት። «ስትቆርጪው ግን እኔ ቤት መጥተሽ ንገሪኝ። ከሰል እንድገዛ።»

ሎዛ ፒንሳውን መሬት ላይ አኖረችው። ከዚያ ከጎኔ ተቀመጠችና ከምስሩ እፍኝ ወስዳ ትለቅም ጀመር። ድስቱ ገና አልፈላም ነበር።